የታጠቀና የተሸከመ

አማርኛ ለመቀነትና ለጦር መሣሪያ አንድ ግሥ መስጠቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ገበሬው ወገቡን ይታጠቃል፤ ወታደሩም ይታጠቃል። እጁን የሰጠውን ደግሞ «ትጥቁን ፈታ» እንለዋለን፤ መቀነቱን የፈታ ይመስል። ነገሩ እውነት አለው። የድሮ ዘማች ጥይቱ ዝናሩ ላይ፣ ዝናሩም ወገቡ ላይ ነበር። ስንቁን፣ ድንኳኑንና ምጣዱን የሚሸከሙለት በቅሎዋና ሚስቱ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው ሠራዊት ያለ እነሱ የትም ባልደረሰ ነበር። የሮማው ማሪየስ ግን ጓዙን ከከብት ጀርባ አውርዶ በወታደሩ ትከሻ ላይ ጫነው፤ ወታደሮቹም «የማሪየስ በቅሎዎች» ተባሉ። የዘመናችን ወታደር እንግዲህ የእነዚያ በቅሎዎች የልጅ ልጅ ነው።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ልጇ ናሽናል ጋርድ ገብቶባታል። ባለፈው ክረምት እሷ ዘንድ ስሰነብት፣ ልጁ ለሥልጠና የሚለብሰውን ሰደርያ ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቶ ሲያሰናዳ ሁለት ምሽት አብሬው ተቀመጥኩ።

ሰደርያው «ሞሊ» ከሚሉት ወገን ነው። አሜሪካኖች ለትጥቃቸው የሴት ስም የሚመስል ምሕፃረ ቃል ማውጣት ሳይወዱ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1973 የመጣችው «አሊስ» ነበረች፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሞሊ ተከተለች። አሊስ ጭነቷን በአብዛኛው ወገብ ላይ ታንጠለጥላለች። ሞሊ ግን ደረቱንም ጎኑንም በአግድም ጥብጣብ ሸፍና «ያሻህን ኪስ ባሻህ ቦታ ግጠም» ትላለች። የጥብጣቡ ወርድ አንድ ኢንች ነው፤ በየአንድ ተኩል ኢንቹ ተሰፍቷል። የኪሱ ማሰሪያ አንዴ በሰደርያው ጥብጣብ፣ አንዴ በኪሱ በራሱ ጥብጣብ እየተሽሎከለከ ወርዶ ከታች ይቆለፋል። ልጁ ቸኩሎ ማሰሪያውን በሰደርያው በኩል ብቻ ቁልቁል ሰደደው፤ ኪሱ ተንገዋለለ። ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ መሐል ያደገችው እናቱ ከኩሽና ብቅ ብላ «ማጉን ሳታሳልፍ ነው እንዴ የምትቋጨው?» አለችው። ልክ ነበረች።

ምርጫው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ባዶ ጥብጣብ እንደ ባዶ ግድግዳ «አንድ ነገር ስቀሉብኝ» ይላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ገጽ ባዶ ስለሆነ ብቻ አትሙሉት እያልኩ እለምን ነበር። ልጁ ይህን ከእኔ ሳይሰማ አውቆታል፤ ዕቃውን ትቶ ከእጁ ጀመረ። ቀኝ እጁ ቃታ ላይ ስለሚሆን ካዝና የሚቀይረው ግራው ነው፤ ስለዚህ ካዝናዎቹ በግራ። ሰደፉ የሚያርፍበት ቀኝ ትከሻ ባዶ ይሁን። በሆዱ ስለሚተኛ ፊት ለፊት አይቆለል፤ መኪና ውስጥ ስለሚቀመጥ ከጀርባ ጠጣር ነገር አይኑር። ትርፍ ጥብጣብ ሁሉ ተጠቅልሎ ይታሰር። ደም ማቆሚያው ማሰሪያ ሁለቱም እጆቹ የሚደርሱበት ቦታ ይሁን። የመጀመሪያ ርዳታ ኪሱ ደግሞ ጓዶቹ ሁሉ በሚያስቀምጡበት ቦታ። ለምን ቢሉ፣ ሲቆስል የሚደርስለት ሰው የሚጠቀመው በራሱ በቁስለኛው ኪስ ነው፤ በጨለማ ሲዳብስ ደሙ አይጠብቀውም። ከዚያ ለብሶ ሮጠ፣ ተኛ፣ ተነሣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱን ዳበሰ። እጁ ያላገኘው ዕቃ ቦታ ተቀየረለት።

ክብደቱስ? ሠላሳ ጥይት የጎረሰ አንድ ካዝና ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ሰባት ሲሆን ሦስት ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ሦስት ሊትር ውሃ ሦስት ኪሎ ነው። የአሜሪካ ጦር መመሪያ ለውጊያ የሚገባ ሰው ልብሱንና ጠመንጃውን ጨምሮ ከ22 ኪሎ ያልበለጠ ይያዝ ሲል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 አፍጋኒስታን ውስጥ ሲለካ ግን አማካዩ 29 ኪሎ ደርሶ ተገኘ፤ ይህም የጀርባ ቦርሳ ሳይጨመር ነው። ሞሊ ከሚለው ስም ፊደላት አንዱ «ቀላል» ለማለት የገባ መሆኑ ደግሞ ያስቃል።

በሁለተኛው ምሽት እህቴ በላስቲክ የቋጠረችውን በሶ ይዛ መጣች። ስንቅ የሌለው ዘማች የት ታይቶ! አንዱ ኪስ ውስጥ ጠቅጥቃ ስታበቃ ሰደርያውን በመዳፏ እየደባበሰች «ይሄ ጥይት ይመልሳል አይደል?» አለች።

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ዝም አልኩ፤ መልሱ የሱ ነበር። እኛ ሰዎች ከእናት እውነት መደበቅ ርኅራኄ ይመስለናል፤ መርዶ እንኳ ጎሕ ሳይቀድ አይነገርም። እሱ ግን «አይ እማ፣ ይሄ መሸከሚያ ነው። ጥይት የሚመልሰው ሌላ ነው፤ እሱም ሁሉን አይመልስም» አላት።

«ታዲያ ከዚህ ሁሉ የሚያድንህ የቱ ነው?»

እጇን ይዞ ደም ማቆሚያው ላይ አሳረፈው። አውጥታ ክንዱ ላይ አሰረችው። «ከፍ አድርጊው እማ፤ አሁን እንጨቷን ጠምዝዣት፤ ደሙ እስኪቆም» ይላታል። ፊቱ እስኪኮማተር ጠመዘዘች። ስትፈታው ዓይኗ እንባ ቋጥሮ ነበር፤ ቀና ብላ ግን ከበሶው ግማሹን መልሳ ወሰደች። «ይቅለልህ» ብላ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሰውን ሁሉ በዚህ ዓይን አያለሁ። ቁም ሳጥናችን ሞልቷል፣ ቦርሳችን ሞልቷል፣ የሞባይላችን የስልክ ዝርዝር ሞልቷል። እኩለ ሌሊት ላይ ልጅ ቢታመም የሚያስፈልገን አንዱ ነገር የት እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? በስንቱ ሚኒባስ ውስጥ የርዳታ ሣጥን አለ፤ ከየትኛው ወንበር ሥር እንደሆነ የሚያውቅ ተሳፋሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ረዳቱንም ጠይቄ አውቃለሁ። «ኧረ አለ፣ ፋዘር» አለኝ። የት እንዳለ ግን አልነገረኝም።