«ኢንሻአላህ» ያልኩበት ዳገት



በግንቦት ሐሩር የታመመች እናቴን በታናሽ ወንድሜ መኪና ይዘን ከቆቦ ወደ ወልዲያ ጉዞ ጀመርን። ሮቢትን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። «ኢንሻአላህ እንደርሳለን፤ ንዳ!» አልኩት። ከጎብዬ በኋላ ዳገቱን ስንያያዝ የሞተሯ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ መኪናዋም ተንቀጠቀጠች። ወንድሜ ጥግ ይዞ ሞተሩን አጠፋ።

ተናድጄ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል እጄን ያዘኝ፤ «ጋሼ፣ ተው! የፈላው ውሃ ፊትህን ያቃጥልሃል።»

እናቴን በአላፊ ሚኒባስ አሳፍሬ አብሬያት ሄድኩ። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ደረስን።

ማታ ወንድሜ ነገሩን አስረዳኝ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲያይ የውሃው ጎማ ተሰንጥቆ ራዲያተሩ ደርቋል። መብራቷ ሳትቋረጥ ስትበራ «ቶሎ አስመርምሩኝ» ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ስትል ግን ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ በወጉ እየነደደ አይደለምና «አሁኑኑ አቁሙ» ማለቷ ነው።

ከመነሳታችን በፊት ውሃውን አላየንም ነበር። ለካስ የእኔ «ኢንሻአላህ» የቸልተኝነቴ መሸፈኛ ኖሯል! ሰበብን ሳያደርሱ ተወኩል የለም። አላህ ምልክቱን አይተው ከሚቆሙት ያድርገን። አሚን።