ወንዶ ገነት፦ ፍል ውኃና የቅጠል መዓዛ

ለቤተሰብዎ የዕረፍት ቀን ቦታ እያማረጡ ከሆነ ወንዶ ገነትን ያስቡት። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሻሸመኔ ሲደርሱ ከዋናው መንገድ ይታጠፋሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ደን ከለበሰው ተራራ ሥር ነዎት። ከምድር የሚፈልቀው ሙቅ ውኃ መዋኛውን ይሞላል፤ ጉሬዛና ጦጣ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ልጆችዎ ያያሉ።

እዚያው ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል። የጠጅ ሳር፣ የጥብስ ቅጠልና የናና ዘይት የሚወጣው በእንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱ በቅጠሉ መካከል አልፎ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል።

ይህን መዓዛ ቤትዎም ማግኘት ይችላሉ። ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት በሞቀ ውኃ መታጠብ እንቅልፍ እንዲወስድዎ ይረዳል። ገንዳ ከሌለዎት እግርዎን ሳፋ ውስጥ ይንከሩ። ዘይትና ውኃ ግን አይዋሐዱም፤ ያልተበረዘ ጠብታ ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ 3 ወይም 4 ጠብታ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ጋር ቀላቅለው ይጨምሩ፤ ሲወጡ እንዳያንሸራትትዎ ይጠንቀቁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ ምክር ልለግስዎ፦ «ሁሉን ይፈውሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት። መዓዛ ያዝናናል እንጂ መድኃኒት አይተካም። የባሕር ዛፍ ዘይት ጥቂት እንኳ ቢዋጥ ለሕፃን ሕይወት ያሰጋል፤ ቆልፈው ያኑሩት። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመም ያለባቸው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ለትንንሾቹ ግን ሙቁ ውኃና ጨዋታው ይበቃቸዋል።