«መሰረዣ» ያስፈራኝ ቀን

አባቴ ያጫወተኝን የድሮ ሐረርና የዘር ሐረጋችንን ለልጅ ልጆቼ ጽፌ ላቆይ ብዬ ከተነሣሁ ቆየሁ። እጄ ብዕር ሲይዝ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ባለው ቤታችን ጥግ የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒዩተር ልልመድ ወሰንኩ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ የኛ ኮምፒዩተር አዲሱን የመሸከም አቅም አልነበረውም። የልጅ ልጄ ከሊኑክስ ቤተሰብ አንዱን ጫነልኝ። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው፤ ዛሬ ማንም ሰው በነጻ ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውም ይችላል።

«እማማ፣ ክፍያ የለውም፤ አማርኛም አድርጌልሻለሁ» አለኝ። መረቅሁት።

አንድ ቀን ስለ አባቴ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ ልዘጋ ስል ጥያቄ መጣ። ከምርጫዎቹ አንዱ «መሰረዣ» ይላል። ጽሑፌን ሊሰርዝብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ግራ ሲገባኝ ሶኬቱን ነቀልኩት። ሁለቱም ገጽ ጠፋ።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ማውሱን ከእጄ ወሰደና «እማማ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው! መሰረዣ ማለት ‹ተዪው፣ ወደ ጽሑፌ መልሰኝ› ማለት ነው» አለ።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አይልም?»

ዝም አለ። ቆይቶ ግን «ሊል ይችላል» አለኝ። ትርጉሙን ከሚሠሩት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማንም የተሻለ ቃል ማቅረብ ይችላል። ደብተር አመጣና «በይ፣ ሌላስ ምን ይስተካከል?» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

የኔ ምኞት ብዙ አይደለም። አማርኛ ስመርጥ የአማርኛው መጻፊያም አብሮ ይምጣልኝ፤ ቅንብር ውስጥ ገብቼ አልፈልገው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሰዓቱ 9 አይበለኝ፤ ቀኑም በኛው አቆጣጠር ይሁን። ፊደሉን ማጉያ ፊት ለፊት ይቀመጥልኝ። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ አይሁንብኝ። የጻፍኩት ደግሞ ሳልጠይቅ በየደቂቃው ይቀመጥልኝ።

ልጁ እየጻፈ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ለአንቺ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ይጠቅማል።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሠራለን። እሱ እንግሊዝኛውን ያነብልኛል፤ እኔ ሰው በአፉ የሚለውን እነግረዋለሁ። ለ«መሰረዣ» «ተወው» ይሻላል ብያለሁ፤ ይቀበሉት አይቀበሉት እናያለን።

አያቶች፣ ያልገባችሁን ነገር በራሳችሁ ድካም ብቻ አታሳብቡ፤ ጠይቁ። ልጆችም ማውሱን ከእጃችን አትንጠቁ፤ ከጎናችን ተቀመጡ።

የጠፉትን ሁለት ገጾች እንደገና ጽፌአቸዋለሁ። በዚህኛው ዙር አንዱን ታሪክ ልጁ አስታወሰኝ፤ ለካ ስነግረው ይሰማኝ ኖሯል።