ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ጥላ

ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ ሃይ ላይን ካናል በሚባለው ቦይ ዳር ሰኔ ሲገባ ነጭ ነገር ይበናል። ኮተንዉድ የሚባሉት ግዙፍ ዛፎች ፍሬያቸው ሲፈነዳ የሚለቁት ብናኝ ነው፤ ነፋስ ጠርጎ ከመንገዱ ጥግ ሲያከማቸው እናቶቻችን ለፈትል ያዘጋጁት ባዘቶ ይመስላል። ከዛፎቹ መካከል ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው አሉ። ከሥራቸው ጥላው ድቅድቅ ይላል፣ ቅጠሉ ያለማቋረጥ ይንሾካሾካል። ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ከተራመዱ ግን ደኑ ያልቅና ደረቁ ሜዳ ይጀምራል። የዴንቨር ዝናብ በዓመት የአዲስ አበባን ሲሶ ቢያክል ነው፤ እንዲህ ያለ ዛፍ እዚህ ምን ያበቅለዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እውነት አለው።

መልሱን ሳውቅ ቦዩን የበለጠ ወደድኩት። የተቆፈረው ከ1880 እስከ 1883 ባሉት ዓመታት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ውኃ ጠልፎ፣ 71 ማይል ማለትም ወደ 114 ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዘ፣ በሜዳው ላይ ላሉ ገበሬዎች እንዲያደርስ ታስቦ ነበር። አልሆነለትም። በኮሎራዶ ሕግ ውኃውን ቀድሞ የያዘ ቀድሞ ይጠጣል። በእኛ አገር የመስኖ ውኃ የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ለሁሉም ተራ ያበጃል፤ እዚህ ግን የፊተኛው ሳይጠግብ ለኋለኛው ጠብታ አይተርፍም። ሃይ ላይን ደግሞ ከኋለኞቹ ነበር። ውኃው በመጣለት ዓመትም የቦዩ ወለል አፈር ስለሆነ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መሬት ይጠጣዋል፣ ፀሐይም ይወስደዋል። ኮተንዉዶቹን ያሳደጋቸው ይህ ሠርጎ የቀረው ውኃ ነው። ለገበሬው ኪሣራ የነበረው ነገር ዛሬ እኔና ጎረቤቶቼ ከሥራ ወጥተን የምንሄድበት ጥላ ሆነ።

ዴንቨር መሐል ያለውን ዛፍ ግን ሰው ነው የተከለው። ሮበርት ስፒር በ1904 ከንቲባ ከሆነ በኋላ ለነዋሪው ችግኝ በነፃ ያሳድል ነበር። በዚያው ዘመን አዲስ አበባም ምኒልክ ያስመጡትን ባሕር ዛፍ እየለበሰች ነበር። ሁለት ደጋ ላይ ያሉ ከተሞች፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ዘመን ጥላቸውን ከሌላ ቦታ አስመጥተው ተከሉ። ይህንን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ባሕር የሌለው አገር ሰው ሐይቅ ሲያይ ልቡ ይሸፍታል፤ ኮሎራዶም እንደ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ስለዚህ በጋ ላይ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቡ ቼሪ ክሪክ ወደሚባለው ሐይቅ ይወርዳል። አሸዋ አለ፣ የመዋኛ ዳርቻ አለ፣ በምዕራብ በኩል በረዶ ያልለቀቃቸው ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። የሥጋ ጥብሱ ጢስ ከስፔንኛው፣ ከኮሪያኛውና ከአማርኛው ጨዋታ ጋር ይቀላቀላል። ከባሕር ጠረፍ የመጡ እንግዶች በ1,600 ሜትር ከፍታ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ከአዲስ አበባ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናቶችና አባቶች ቆላ የወረዱ ያህል ዘና ብለው ይራመዳሉ። ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ ፕሬሪ ዶግ የሚባለው ትንሽ ፍጥረት በኋላ እግሩ ቆሞ ይጮኻል፤ ልጆች ሊጠጉት ሲሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይሰወራል።

አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ውኃውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ባሕር ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ፤ ጎርፍ ከተማውን እንዳይወስደው የገደቡት ነው።»

«እንግዲያ ጎርፉን እንግዳ አድርገው አሳድረውታል በለኛ!»

ከዚህ የተሻለ የግድቡን ታሪክ የገለጸልኝ የለም። ቼሪ ክሪክ ራሱ በበጋ ልጅ የሚሻገረው ጅረት ነው። ነገር ግን በኦገስት 1933 ከላይ በኩል የነበረው የካስልዉድ ግድብ ሌሊት ተደረመሰና ውኃው ሲነጋ ዴንቨር መሐል ገባ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ይህንን ጅረት ለመያዝ የሠሩት ትልቁ የአፈር ግድብ በ1950 ተጠናቀቀ። ግድቡ ከተሠራ በኋላ ውኃው ተጠራቀመ፣ ወፉ መጣ፣ ሰውም መጣ፤ በ1959 ቦታው ስቴት ፓርክ ሆነ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ያለው የአውሮራ ሐይቅም ቢሆን ዋና ሥራው የከተማው የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ መሆን ነው፤ ዙሪያውን የሚሄደው መንገድ ሰፊና ጭር ያለ ነው፣ ነፋሱ ግን ኃይለኛ ነው።

ለመዝናኛ ተብሎ ከመጀመሪያው የታሰበ ዳርቻም ነበር። ዴንቨር ውስጥ ዋሽንግተን ፓርክ በሚባለው ውብ መናፈሻ ውስጥ ያለው ስሚዝ ሌክ ዛሬ ዳክዬና ጀልባ ብቻ ነው የሚታይበት፤ ቀድሞ የሕዝብ መዋኛ ነበር። ሕዝብ ሲባል ግን ነጩ ነው። በኦገስት 1932 ጥቁር የዴንቨር ነዋሪዎች፣ አብረዋቸው ከቆሙ ነጮች ጋር፣ ግብር የምንከፍልበት ውኃ ነው ብለው ሊዋኙ ገቡ። ከነሱ እጅግ የሚበዛ ሕዝብ ተሰብስቦ እየደበደበ አባረራቸው። እዚያ ሐይቅ ዳር ልጆቻችን ብስክሌት ሲነዱ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ሰዎች ይታወሱኛል። እኛ ከሩቅ መጥተን ማንም ሳይከለክለን ሣሩ ላይ ምንጣፍ የምናነጥፈው እነሱ ያን ቀን ውኃው ውስጥ ስለገቡም ጭምር ነው። ይህንን ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በከተማው መናፈሻ የተገፉት ሰዎች ተራራ ላይ የራሳቸውን ቦታ አበጅተው ነበር። ከዴንቨር በስተ ምዕራብ፣ ጥድ በሞላበት ሸለቆ ውስጥ፣ ሊንከን ሂልስ የሚባል የጥቁሮች ማረፊያ በ1922 ተመሠረተ። መሬቱ በትንንሹ ተሸንሽኖ ለጥቁር ቤተሰቦች ይሸጥ ነበር። ዊንክስ ሎጅ የሚባለው ማደሪያ በ1928 ተከፈተ፤ ካስተናገዳቸው መካከል ዱክ ኤሊንግተን ይጠቀሳል፤ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን የተቀበለው ሙዚቀኛ ማለቴ ነው። ከከተማ ወጥቶ ጥድ ሥር ማረፍ ለዚያ ትውልድ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ወደ ኤርፖርቱ በኩል ያለው ሜዳ ነው። እዚያ የሚሠራም፣ መንገደኛ የሚያመላልስም ሐበሻ ብዙ ነው፤ አብዛኛው በአጠገቡ ሲያልፍ ባዶ መሬት ይመስለዋል። በ1942 የአሜሪካ ጦር ገበሬዎቹን በአንድ ወር ውስጥ አስወጥቶ የመርዝ ጋዝ ፋብሪካ የሠራበት ነው፤ በኋላም የተባይ ማጥፊያ ይመረትበት ነበር። አፈሩና ውኃው ተመረዘ። አጥር ስለነበረውና ሰው ስለማይገባበት ግን በዙሪያው ያለው ሰፊ መሬት ቤት ሳይሠራበት፣ ሳይታረስ ቆየ። በ1986 በዚያን ጊዜ ሊጠፉ ተቃርበው የነበሩ ነጭ ራስ ንስሮች ክረምቱን እዚያ ዛፎች ላይ ሲያድሩ ተገኙ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ኮንግረስ ቦታውን የዱር እንስሳት መጠለያ የሚያደርግ ሕግ አወጣ፣ ጽዳቱ ብዙ ዓመት ፈጀ፣ በ2007 ደግሞ ጎሾች መጡ፤ የአሜሪካ ጎሽ፣ ቢሶን የሚሉትን። ዛሬ መንጋው በነፃነት ሲግጥ ከኋላው የዴንቨር ፎቆች ይታያሉ። መግቢያው ነፃ ነው። በመኪና ቀስ ብሎ መዞር ይቻላል፤ ጎሹ መንገድ ከዘጋ መጠበቅ ነው፣ ከመኪና መውረድ ግን አይፈቀድም።

ሴፕቴምበር ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ ተራራ ይወጣል። ኬኖሻ ፓስ ላይ አስፐን የሚባለው ዛፍ ወርቅ የሚመስለው በደመራ ሰሞን ነው፤ ቅጠሉ በቀጭን ዘንግ ላይ ስለተንጠለጠለ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ሁሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አንድ ተዳፋት ሙሉ የሚሸፍነው አስፐን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። ወገኖቼ እዚያ የሚነሡትን ፎቶግራፍ አገር ቤት ይልካሉ፤ ይገባዋልም። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው ተራራ ሳልወጣ የማገኘው ነው። በዚያው ሰሞን አውሮራ ውስጥ በኩሬና በቦይ ዳር፣ ጭቃው ላይ፣ ቢጫ አበባ ይወጣል። ሲታይ ተራ ነገር ነው፤ ቀርቦ ለተመለከተው ግን የአደይ አበባ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሳይንቲስቶች ሁለቱንም ቢደንስ በሚባለው አንድ ወገን ውስጥ ነው የሚመድቧቸው። ማንም ከኢትዮጵያ አላመጣውም፤ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። ፍሬው ሹል ስለሆነ ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ልጆች ከሐይቅ ሲመለሱ ካልሲያቸው ላይ የምንለቅመው እሱ ነው።

የአክሱም እኅት ከተማ የሆነችው ዴንቨር በሰሜን ምሥራቅ ሰፈሯ አክሱም የሚባል መናፈሻም አላት። ትንሽ ናት። ስሙን ለማንበብ ብቻ የሚሄድ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከ2023 ጀምሮ በኮሎራዶ የመኪና ምዝገባ ሲታደስ፣ ባለቤቱ አልፈልግም ካላለ በቀር፣ የስቴት ፓርኮች መግቢያ አብሮ ይከፈላል፤ ሲጀመር 29 ዶላር ነበር። ቼሪ ክሪክ በር ላይ የሚታየው የምዝገባ ወረቀቱ ነው። ሙሉ ቀን ሲነዱ የሚውሉ ስንት ወንድሞችና እኅቶች ከፍለውበት ሳያውቁት በፓርኩ በር ያልፋሉ። ወረቀቱ መኪናችሁ ውስጥ አለ፤ አውጡና የፓርኩ ምልክት እንዳለበት እዩት፣ ካለበት በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ።