የጮኸ ሁሉ አይሮጥም

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ያስገባሁት ጽሑፍ ተመልሶ ሲመጣ ማርክ አልነበረውም። መምህራችን ከርዕሱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበታል፤ «ማን ለካው?» ትላለች። የጽሑፌ ርዕስ «አሮጌ መኪናዎን በአንድ ፊልትሮ ያድሱ» የሚል ነበር። የክፍላችን ልጆች ታስታውሱ እንደሆነ ሳነበው ተጨብጭቦልኛል። እውነቱን ለመናገር በጥያቄዋ በጣም ነበር የተናደድኩት። ይህን የምጽፈው ግን ለዚያችው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ አንዲት ቪትዝ አለችው። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን የእኛዋ ከመጀመሪያው ትውልድ ናት። ሞተሯ 997 ሲሲ፣ ጉልበቷም ከፋብሪካ ስትወጣ 70 ፈረስ ነው። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በስልክ እየተጠራ ሰው ያመላልስባታል። የእኔ ትራንስፖርትና ፎቶ ኮፒ፣ የታናሽ ወንድሜም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከእሷ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላማ «ይቺኑ መንከባከብ ነው እንጂ ሌላ ከየት ይመጣል!» የዘወትር አባባሉ ሆኗል።

ታዲያ ይቺ ቪትዝ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ስትያያዘው ታሳዝናለች። አራት ሰው ከጫነች ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ቢረገጥም ማቃሰት ብቻ ነው። ሚኒባሶች ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፏት አባዬ እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፉ፣ እለፉ» ይላቸዋል፤ እየሳቀ። እሱ ይሳቅ እንጂ እኔን ግን ያመኝ ነበር።

የሠርግ ቪዲዮ ከሚቀርጹ ልጆች ጋር ረዳት ሆኜ ሠርቼ የመጀመሪያ ክፍያዬን ስቀበል በቀጥታ የሄድኩት ሶማሌ ተራ ነው። አንዱ መለዋወጫ ሻጭ ቀይ፣ በብረት መረብ የተሸፈነ፣ ሾጣጣ ፊልትሮ አወጣልኝ። «እህቴ፣ አየር የሚከለክላት የፋብሪካው ወረቀት ፊልትሮ ነው። ይሄን ብታስገጥሚላት ትበራለች። አሥር ፈረስ ትጨምራለች፤ ቤንዚንም ትቆጥባለች» አለኝ። ምን ልበላችሁ፣ ዋጋ ተከራከርኩና ገዛሁ።

የሰፈራችን ልጅ ገጠመልን። የፋብሪካውን የፕላስቲክ ሳጥን ነቅሎ ሾጣጣውን ከቱቦው ጫፍ ላይ አሰረው። ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጣት «ሁውውው» አለች። የእሽቅድምድም መኪና በሏት! እንጦጦን ስንወጣ ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። «አባዬ፣ ለውጥ አለው አይደል?» አልኩት። «በጣም እንጂ! ሌላ መኪና ሆናለች» አለኝ። ይህንኑ በጥቅስ አስገብቼ ጻፍኩት። ሻጭ ተናግሯል፣ አሽከርካሪ መስክሯል። ምን ይጎድለዋል?

«ማን ለካው?» ከተባልኩ በኋላ ግን እልህ ያዘኝ። ለክቼ ላሳያቸው ተነሣሁ። በመጀመሪያ የሄድኩት የአባዬ የድሮ መካኒክ ዘንድ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወሬውን ትተው ሒሳብ አሠሩኝ። የቪትዝ ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሆዱን አየር ይሞላል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር 3,000 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ሆዱ አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ በደቂቃ ቢበዛ 3,000 ሊትር አየር ይስባል።

«ይህን ሁሉ ወረቀቱ ያሳልፈዋል?» ስላቸው አዲስ ፊልትሮ አምጥተው እጥፋቱን በጣታቸው ከፈት ከፈት እያደረጉ አሳዩኝ። ወረቀቱ እንዲያ ተጣጥፎ የሚሠራው በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሰፊ ገጽ እንዲኖረው ነው። ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ሞተር ይበቃል። ደግሞም ከተማ ውስጥ በግማሽ እግር ሲነዳ አየሩን የሚገድበው ፊልትሮው ሳይሆን በነዳጅ መስጫው የሚታዘዘው የአየር ማስገቢያ ክዳን ነው። የፊልትሮ ነገር ሊታወቅ የሚችለው መስጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ ብቻ ነው።

«ታዲያ ዳገት ላይ ለምን ትደክማለች?» አልኳቸው። በጣታቸው ወደ ሰማይ አመለከቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ከእነዚያ 70 ፈረሶች ሩብ ያህሉ ገና ከቤት ሳንወጣ የሉም! ፊልትሮ ያለውን አየር ያጣራል እንጂ የሌለ አየር አይፈጥርም። ይባስ ብሎ የእኔው ሾጣጣ የሚስበው ከኮፈኑ ሥር የጋለውን አየር ነው። አየር በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ይሳሳል። ያ የጣልነው የፕላስቲክ ሳጥን ግን ቀዝቃዛውን አየር ከፊት ለፊት በቱቦ ያመጣላት ነበር።

የቤንዚኑንም ነገር አነበብኩ። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ፈትሿል። ነዳጃቸው በኮምፒውተር የሚመጠን መኪኖች ላይ የተደፈነ ፊልትሮን በአዲስ መቀየር የነዳጅ ፍጆታን አያሻሽልም፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ከሚገባው አየር ጋር ያመጣጥነዋልና። ፍጥነት ለመጨመር የሚፈጀውን ጊዜ ግን ከ6 እስከ 11 በመቶ ያህል ሊያሻሽል ይችላል። ካርቡራተር ያላቸው የድሮ መኪኖች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እነሱ በተደፈነ ፊልትሮ ነዳጅም ይበላሉ።

በአንድ እሑድ ማለዳ አባዬ ነጂ፣ እኔ ሰዓት ያዥ፣ ጋሼ ፊልትሮ ቀያሪ ሆነን ዳገቱ ሥር ቆምን። ሁለት የስልክ እንጨቶች መካከል መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ በእያንዳንዱ ፊልትሮ ሦስት ሦስት ጊዜ ወጣን። መጀመሪያ በቀዩ ሾጣጣ፣ ቀጥሎ ቀድሞ በነበረው በጠቆረው ወረቀት፣ በመጨረሻም በአዲስ ወረቀት። የጠቆረው ወደ ኋላ ቀረ። በአዲሱ ወረቀትና በሾጣጣው መካከል የነበረው ልዩነት ግን ሰዓቱን ከሚጫነው አውራ ጣቴ መዘግየት አይበልጥም። የተለየው ድምፁ ብቻ ነው። ለካስ የፋብሪካው ሳጥን ድምፅም ያፍን ነበር። ሳጥኑ ሲነሣ ጩኸቱ ወጣ፤ እኔም ጩኸቱን ጉልበት ብዬ ጻፍኩት።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ጋሼ ሾጣጣውን ሲፈቱ ነጭ ጨርቅ ቱቦው ውስጥ አስገብተው ጠረጉት። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አባዬ በየቀኑ የሚመላለሰው ግንባታ ባላለቀባቸው አቧራማ ሰፈሮች ነው። «የገዛሽው ይሄን ሁሉ ያሳልፋል» አሉኝ። «ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።» አንድ ወር ሙሉ በስጦታዬ የቤታችንን እንጀራ ስፍቅ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝም ብዬ ቆየሁና «አባዬ፣ ሌላ መኪና ሆናለች ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት።

«በመጀመሪያ ገንዘብሽ ገዝተሽልኝ ምን ልበልሽ ልጄ? ተሳፋሪዎቹ እንኳ ‹ጭስ ማውጫው ተቀዶ ነው ወይ?› ይሉኛል።»

ጥቅሱን አልፈጠርኩትም፤ ቃል በቃል የእሱ ነው። ግን አባዬ ስለ መኪናዋ አልነበረም የሚመሰክረው፤ ስለ እኔ ነበር። እኔስ ብሆን «ለውጥ አለው ወይ?» መች አልኩትና? «አለው አይደል?» ነው ያልኩት። መልሱን ጥያቄዬ ውስጥ ጠቅልዬ ሰጥቼው መልሼ እንደ ምንጭ ተቀበልኩት። ሻጩ ሊሸጥልኝ፣ አባቴ ሊያስደስተኝ፣ እኔም ልጨበጨብ ስንል ሦስታችን ተባብረን አሥር ፈረስ ፈጠርን።

አሁን ቪትዛችን በፋብሪካው ሳጥን ውስጥ አዲስ ወረቀት ፊልትሮ አላት። ጋሼ ባዘዙት መሠረት አባዬ በየጊዜው እየከፈተ ያየዋል፤ ሲጠቁር ይቀይረዋል። እንጦጦ ላይ ሚኒባሶች እንደ ድሮው ያልፏታል፤ እሱም «እለፉ» ይላል።

ጽሑፌን አስተካክዬ መልሼ አስገብቻለሁ። ቀዩ ፊልትሮ አልጋዬ ሥር ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ ለወንድሙ መኪና ሊገዛኝ ጠይቆኝ ነበር። ገንዘቡ ያስፈልገኛል፤ ግን ምን ብዬ ልሽጥለት?