ክረምት ሳይገባ

በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን፣ የሚወጣውም መስከረም 25 ቀን ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ወቅት፣ ይኸውም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ጸደይ ይባላል። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖር ባላገር ግን ክረምቱን የሚጠብቀው ቀን በመቍጠር ሳይሆን ጣሪያውን ቀና ብሎ በማየት ነው። ግንቦት ልደታ ካለፈ በኋላ የጉና ራስ በደመና ተጠቅልሎ የዋለ እንደ ሆነ፣ የሣሩ መሳሳት፣ የምርጉ መርገፍ፣ የቦዩ መደፈን ቀን ከሌት ያሳስበው ይጀምራል።

እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ደግሞ ያንኑ ጊዜ የምናውቀው በሌላ መልኩ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ ግንቦትና ሰኔ ሒሳብ የሚወራረድበት፣ ሪፖርት የሚጠናቀርበት፣ የዓመት ፈቃድ መጠየቅም እንደ ድፍረት የሚቈጠርበት ሰሞን ነው። እኔም ሥራ ከያዝሁ ጀምሮ እናቴን የምጠይቃት በፋሲካና በመስቀል እንጂ በግንቦት አልነበረም። ስለዚህ ቤቷ ለክረምት እንዴት እንደሚሰናዳ ባላየሁባቸው ዓመታት፣ ቤቱ ራሱን በራሱ የሚያድስ ሳይመስለኝ አልቀረም።

የተወለድሁት በላይ ጋይንት፣ ከነፋስ መውጫ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር ነው። (ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ እንዳላገኘች በዚያ ያደረ ሁሉ ይመሰክራል።) አባቴ በሕይወት ሳለ ቤታችን ክብ ሣር ክዳን ነበር። የክዳኑ ሥራ በግንቦት ይታይ እንጂ የሚጀመረው ገና በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰንበሌጡ ደርቆ ሲታጨድ ነበር። ወደ ጉና የቀረቡት ሰዎች በጓሳ ይከድናሉ፤ ጓሳ ያጣው እንደኛው ሰንበሌጥ ይከምራል። ክዳን ከታች ከክፈፉ ተጀምሮ ነዶው እየተደራረበ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። የላይኛው ነዶ የታችኛውን በሚገባ ካልሸፈነው ውሃው በመካከል ሰርጎ ይገባል። በመጨረሻም የምሰሶው ጫፍ በሚወጣበት ቦታ ዝናብ እንዳያልፍ አሮጌ ገንቦ ይደፋበታል። ከዚያ በኋላ ጣሪያውን የሚጠብቀው የምድጃው ጭስ ነው፤ ጥላሸቱ ሣሩን ከነቀዝ ይከላከልለታልና፣ እሳት የማይነድበት ሣር ቤት ቶሎ ይበሰብሳል።

የጭቃው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። አፈሩ ተቈፍሮ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ ውሃ ጠጥቶም ጥቂት ቀን ይሰነብታል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር በእግር ይረገጣል፤ ያን ጊዜ እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ሳይሰነብት የተመረገ እንደ ሆነ በደረቀ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ዘግይቶ የተመረገ እንደ ሆነም ሳይደርቅ ዝናብ ይወስደዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ የግንቦት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ናቸው። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ እናቴ አመድና እበት ለውሳ በመዳፏ ስትለቀልቀው፣ የጣቶቿ መሥመር እንደ ጽሕፈት ተሰልፎ ይቀር ነበር። ኩበት መከመር፣ ማገዶ ከቤት ማስገባት፣ በርበሬና ጨው ማሰናዳትም የእርሷው ድርሻ ነበር፤ ወንዞች ከሞሉ በኋላ ገበያ መውጣት ዘበት ነውና።

አገሩ አንድ ቢሆንም ጭንቀቱ እንደየቦታው ይለያያል። በስማዳ ወደ በሽሎ ቍልቍል በሚወርደው ቆላ የተዳረችው እኅቴ የምታማርረው ከዝናቡ ይልቅ ምስጡን ነው። ባሏ ቋሚ ከመትከሉ በፊት ከመሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ይለበልበዋል፤ ወይራ ካገኘም ሌላ እንጨት አይመርጥም። በእስቴ ያለው አጎቴ ደግሞ ሣሩን ከተወ ቈይቷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በደጁ ስለሚበቅል፣ ቋሚውም ማገሩም ከዚያው ይቈረጣል፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። እኔም የእናቴን ቤት በቆርቆሮ ለመለወጥ ያሰብሁት የአጎቴን አይቼ ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ ሣር የሚያጭድ፣ ጣሪያ የሚወጣ ወንድ በቤቱ አልነበረም። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. በጋ ከደመወዜ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ላክሁ። ክቡ ቤት ፈርሶ ባለ 30 ቆርቆሮ ቤት ተሠራ። ከወረታ እስከ ወልድያ በቻይናውያን የተሠራው መንገድ በነፋስ መውጫ ስለሚያልፍ ቆርቆሮው እስከዚያ በመኪና ደረሰ፤ የቀረውን መንገድ በሰው ትከሻ ተጓዘ። ሠራተኛው በገንዘብ ተቀጠረ። እኔም ፎቶግራፉን በስልክ ተልኮልኝ ባየሁ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ግንቦት አያሳስባትም ብዬ ለባልደረቦቼ በኵራት ማሳየቴን አልክድም።

የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው በጕብታው ላይ መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ውሃ የሚወርደው በስርጉዱ ስለ ሆነ ምስማር በጕብታው ላይ ይመታል፤ ከአናቱም በታች ጎማ ይገባል። ነገር ግን ስርጉዱ ከሥሩ ያለውን እንጨት ስለሚነካ ለመዶሻ ይመቻል፤ የችኮላ ሠራተኛም የሚመርጠው ያንኑ ነው። የእናቴ ቤት ጣሪያ በሙሉ በስርጉዱ ተመትቶ ነበር፤ ጎማም የሚባል ነገር አልነበረውም።

ለመስቀል በሄድሁ ጊዜ በግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቡናማ ምልክት አየሁ። ጓዳ ገብቼ ጎታውን ብነካው ሥሩ ርሷል። ለሐምሌ ዘር የተቀመጠው ጤፍ እዚያው ውስጥ በቅሎ ተጥሎ ኖሯል። እናቴ ከጎረቤት ዘር ተበድራ አዘርታለች፤ ለእኔ ግን በስልክ ባነጋገርኋት ቍጥር «ደኅና ነን፣ ዝናቡም መልካም ነው» እንጂ ሌላ አልነገረችኝም።

«ታዲያ ለምን ጎረቤት አልጠራሽም?» አልኋት።

«በማን ቀን ልጥራ?» አለችኝ። «ከአባትህ ወዲህ ከዚህ ቤት ወጥቶ የማንን ጣሪያ የከደነ አለ? ደግሞስ ልጇ ቆርቆሮ አልብሷታል ሲባል ሰምተው፣ አፈሰሰብኝ ብዬ በየትኛው አፌ? ገንዘብህን አልጠላሁም ልጄ፤ ግን ገንዘብህ መሰላል አይወጣም።»

ከተማ ያደገ አንባቢ ምናልባት የወንፈልን ሥርዐት አያውቀው ይሆናል። በደቦ የተጠራው ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ወረታ ሳይቈጥር ይሠራል። ወንፈል ግን ቀን ለቀን ነው፤ አንድ ቀን የሠራልህን አንድ ቀን ትሠራለታለህ። ማንም በወረቀት አይጽፈውም፤ ሁሉም ግን ያስታውሰዋል። አባቴ በሞተ ጊዜ ቤታችን ከዚህ ቈጠራ ወጥቶ ነበር። እኔም ገንዘብ በላክሁ ጊዜ ሳላውቀው የወጣውን ቤት መዝጊያ ዘጋሁበት።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ፈቃድ ጠየቅሁ። የቅርብ አለቃዬ ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ በበጀት መዝጊያ ዋዜማ ጣሪያ ለመጠገን ፈቃድ ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነግረውኝ ዐሥር የሥራ ቀን ፈቀዱልኝ። አገሬ በደረስሁ ማግሥት የአባቴ ባልንጀራ ወደ ነበሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ሄድሁ።

«አባባ፣ የእናቴ ቤት ያፈሳልና ሰው ይሰብስቡልኝ ብዬ ልለምንዎ መጣሁ።»

«ብትጠራን እኮ እንመጣ ነበር» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፣ «ቀንህ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዐሥር ነው።»

«እንግዲያው አራቱን ስጠን።»

ሰጠኋቸው። በመጀመሪያው ቀን የሳሳ ጣሪያ ሲከደን ነዶ አቀባይ ሆንሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጭቃ ረገጥሁ፤ ብዕር የለመደ ሰው ጭቃ መርገጥ ይችላል፣ ጭቃ ማቀበል ግን ሌላ ነው፤ ከፍ አድርጌ የወረወርሁት ድቡልቡል ጭቃ ተመልሶ በራሴ ላይ ሲወድቅ የመንደሩ ሕፃናት የሳቁት ሳቅ እስከ አሁን ይሰማኛል። በአራተኛው ቀን መዳፌ ተልጦ ስለ ነበር አካፋ እንኳ የያዝሁት በጨርቅ ጠቅልዬ ነው። ማንም ግን «ተው ይብቃህ» አላለኝም። ይህ በጊዜው ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ኋላ ግን ደስ አለኝ።

በስድስተኛው ቀን ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዎች መሰላል ይዘው መጡ። እናቴ ጠላዋን ከሳምንት በፊት ጠምቃ ኖሯል፤ ለእኔ ሳትነግረኝ። ምስማሩ ሁሉ ተነቀለ፤ አሮጌው ቀዳዳ በሬንጅ ተደፈነ። ጎማ ከገበያ ስላልተገኘ ሁለት አሮጌ በረባሶ በካራ እየተቈራረጠ ለእያንዳንዱ ምስማር አንድ አንድ ቅዳጅ ተደረገለት፤ ከዚያም በጕብታው ላይ እየተመታ ገባ። ሽማግሌው ራሳቸው ወደ ላይ መውጣት ባይችሉም፣ ከታች ተቀምጠው የመዶሻውን ድምፅ በመስማት ብቻ እንጨት ያላገኘውን ምስማር ይለዩ ነበር።

የቀረው ከቤቱ ጀርባ ጎርፍ የሚቀለብሰው ቦይ ነበር። ዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ ግማሹን እንደ ቈፈርን ከጉና በኩል በረዶ ያዘለ ዝናብ መጣና አስገባን። በቤቱ መካከል ቆመን ሁላችንም አንገታችንን ቀና አደረግን። ድምፁ ጆሮ የሚያደነቍር ስለ ነበር ማንም አልተናገረም። ከአንድ ማዕዘን በቀር ጠብታ አልወረደም፤ ያም ማዕዘን በማግሥቱ ተጠገነ። እኔ ግን በማግሥቱ ንጋት ወደ ነፋስ መውጫ መውረድ ስለ ነበረብኝ ቦዩን ሳልጨርስ ሄድሁ። የቀረውን ግማሽ የጨረሱት እነርሱ ናቸው፤ ይህም በእኔ ላይ አንድ ቀን ሆኖ ተቈጠረ።

ከዚያ ወዲህ በቻልሁት ዓመት ሁሉ ፈቃዴን በግንቦት አወጣለሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከአዲስ አበባ መውጣት ስላልተቻለኝ ቀርቻለሁ፤ ከዚያም በኋላ የቀረሁባቸው ዓመታት አሉ። እናቴ በስልክ የማንን ጣሪያ ማን እንደ ከደነ በዝርዝር ትነግረኛለች፤ መጨረሻ ላይም የእኔን ቀን ትቈጥርልኛለች። ባለፈው ጊዜ እንደ ነገረችኝ የሁለት ጣሪያና የአንድ በረት ምርግ ዕዳ አለብኝ፤ የበረቱ ባለቤትም መቼ እንደምመጣ ጠይቋታል።