ደብተሩ የመሰከረው

መቼም የቤት ኢንተርኔት ያስገባ ሰው የደም ግፊት መለኪያም አብሮ ቢገዛ ሳይሻል አይቀርም።

እሁድ ማታ አሜሪካ ካለችው ታላቅ እህቴ ጋር የምንገናኝበት ሰዓት ነው። ከታመመች ወዲህ ፊቷን ሳላይ መሰንበት አልችልም። ታዲያ ባለፈው ሚያዝያ ገና "ሕክምናው እንዴት ነው?" ስላት ምስሏ ደርቆ ይቀራል። እሷም በማግስቱ "ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ" ብላ ትቀየመኛለች። እኔ ደግሞ ወደ ልጄ ክፍል ዞሬ እጮሃለሁ፤ "ያንን ጌም አጥፋው! ኢንተርኔቱን ጨረስከው እኮ!" ልጁ "አባዬ፣ እኔ እያጠናሁ ነው" ቢል ማን ሊሰማው?

ለአገልግሎት ሰጪው ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ባለሙያ መጣ። እሱ በመጣ ቁጥር ፀሐይ ነው፤ መስመሩም እንደ ጨዋ ሰው ቀጥ ብሎ ይጠብቀዋል። "ጋሼ፣ ምንም የለውም። ቤት ውስጥ የሚጠቀመው ሰው በዝቶ ይሆናል" ይልና ይሄዳል። ይቺን ስሰማማ በልጄ ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ እርግጥ ሆነ።

ኔትወርክ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ ብሶቴን ሰምቶ፣ "በ'ይሆናል' አትፍረድ፤ ጻፈው" አለኝ። ደብተር ገዝቼ አሰመርኩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የሞደሙ መብራቶች፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ። "ፒንግ"ንም አስተማረኝ። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፋት ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ስሟ የተወሰደው ባሕር ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ ከሚፈልገው ሶናር ነው። መልእክት ትልካለች፤ ምላሹ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ትለካለች። ኮምፒውተሬን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝቼ መጀመሪያ ወደ ሞደሙ 100 ላክሁ፤ 100ውም ምላሽ አገኘ። ከሞደሙ አልፌ ወደ ውጭ 100 ስልክ ግን 38ቱ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ችግሩ ከሞደሙ ወዲያ ነበር ማለት ነው።

ሥራዬ ቤት ቁጭ ብሎ መጻፍ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም አላመለጠኝም። ደብተሩን ሳነበው ግን አፈርኩ። መስመሩ 11 ጊዜ ተቋርጧል። 9ኙ ዝናብ በዘነበ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው። 7ቱ ደግሞ ልጄ ትምህርት ቤት ሳለ! በዚያ ላይ ዲኤስኤል የሚል የተጻፈባት መብራት በተቋረጠ ቁጥር ብልጭ ድርግም ትላለች። ወዳጄ እንዳስረዳኝ፣ ልጅ ጌም ቢያበዛ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል እንጂ ያቺ መብራት አትርገበገብም። እሷ ከተርገበገበች ሞደሙ በስልክ ሽቦው ላይ ከወዲያኛው መሣሪያ ጋር መግባባት አቅቶታል።

የደብተሩን ፎቶ ኮፒ ይዤ ሄድኩ። በዚህኛው ቀን የመጣው ባለሙያ አንብቦት ሲጨርስ ቤት እንኳ አልገባም፤ በቀጥታ ምሰሶው ላይ ወጣ። የስልክ ሣጥኗን ሲከፍት መዳቡ የተቀጠለበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ውሃ ሲገባበት መስመሩ ይታመማል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ይድናል። ቆርጦ እንደገና ቀጠለው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።

አበው "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚሉት ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ድርጅቱ ሩቅ ነው፤ ልጄ ቅርብ ነው። ምሰሶ ላይ የተበላሸውን ነገር ስንቶቻችን ይሆን ሳሎን ውስጥ የምንቀጣው?

በዚያው እሁድ ከእህቴ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ከዚያ ልጄን ጠርቼ ደብተሩን ሰጠሁት። እኛ ቤት አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አልተለመደም፤ ምላሴ ተሳሰረብኝ፤ እንደምንም አልኩት። ገጾቹን አንድ በአንድ አገላበጠና፣

"አባዬ፣ የጮህክብኝን ቀን ግን አልመዘገብከውም" አለኝ።

እውነቱን ነው። ለእሱ ዓምድ አላሰመርኩለትም ነበር።